ድንገቱ ከእረፍት በኋላ ነው

በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ድንገተኛ ነገር የሚባል አልነበረም። ድንገት ራሱ ሰዓት ነበረው። ሁልጊዜ ከቀረጻ በፊት የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የመግቢያ ሙዚቃ፣ የእንግዶች ትውውቅ፣ ጥያቄ፣ ማስታወቂያ፣ ከዚያ በቀይ ቀለም «ድንገት»። የመብራት ሠራተኛዋ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ትመጣና፣ «ዛሬ ድንገቱ መቼ ነው?» ትላለች። «ከእረፍት በኋላ ነው» ይሏታል። «እሺ በቃ፣ ተረጋግቼ እጠጣለሁ» ትልና ትቀመጣለች። ጉድ እኮ ነው እናንተዬ፣ ሰው ለአደጋ ቀጠሮ ይዞለት ሻይ ሲጠጣ!

ያንን ድንገት የሚሠራው አናጢው ነበር። የወንበሩን እግር ከውስጥ በኩል እስከ ግማሽ በመጋዝ ይከረክመዋል፤ የደረጃውን ጣውላ ምስማር ያላላል፤ ጠረጴዛው በአንድ ክንድ ሲደገፉት እንዲችል፣ በሁለት ክንድ ሲደገፉት ግን እንዲከዳ ያደርጋል። ከዚያ ካሜራው ጀርባ ይቆምና የገዛ እጁ ሥራ ሲፈርስ ያያል። ሲፈርስ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ ይቆማል።

ዝግጅቱ «ሦስቱ በሮች» ይባላል። ዘፋኝ፣ ተዋናይ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ብቻ ፊቱ የታወቀ ሰው ሁሉ ይጋበዛል፤ ጥያቄ ይጠየቃል፤ የመለሰ ከሦስት በሮች አንዱን ይመርጣል፤ አቅራቢው ይከፍትለታል። ከበሩ ጀርባ ወይ ሽልማት አለ ወይ ባዶ ነው። ጨዋታው ይኸው ነው። ህዝቡ ግን ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠው ለጨዋታው አልነበረም። አቅራቢው መቼ እንደሚወድቅ ሊያይ ነው። አቅራቢው ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ ይነሳል፣ ጸጉሩን ያበጥራል፤ ከዚያ ካሜራውን ትክ ብሎ ያይና «ንቅሎ!» ብሎ ይጮኻል። ታዳሚው ይቀበለዋል፤ «ንቅሎ! ንቅሎ!»

ንቅሎ ማለት አናጢው ነው። የነካው ሁሉ የሚነቀልበት ማለት ነው።

ስሙን ያወጣለት ሩቅ ሰው ቢሆን ባልከፋ። አቅራቢው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ማሙሽ ይሉታል፤ ጢሙን የሚላጭ ሰውዬ ሆኖም ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው። እናትና አባቱ ሲሞቱ እህቱ እጁን ይዛ አመጣችው፤ አናጢው በሠራው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ አናጢው በሠራው ጠረጴዛ ላይ አጥንቶ አደገ። እህቱን «እታለም»፣ አናጢውን «ጋሼ» ይላቸዋል። ሲያወራ ድሮም አፉ ማር ነው፤ ሲያጠፋ ደግሞ ድሮም ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው። ብርጭቆ ሰብሮ ድመቷን ያስገርፍ የነበረ ልጅ ነው።

አናጢውስ? ትሁት ሰው ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ጉረኛ ነበር። ቤቱ እንግዳ ሲመጣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «እስቲ ያን መሳቢያ ሳበው» ይል ነበር። እንግዳው ይስባል። «አሁን መልሰው። ሰማህ? ምንም አልሰማህም!» ይልና ይንቀባረራል። በሠርግ ቤት ሙሽሪትን ሳይሆን ጠረጴዛውን ጎንበስ ብሎ ከስር ነው የሚያየው። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው እየታዘበን ነው» ብላ ኮቱን ትጎትተዋለች። ግን ጉራው ከእጁ ሥራ አይበልጥም ነበር፤ ይህን ጠላቶቹም ያምናሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ ያ ሰው ከስሙ ሌላ ለልጁ የሚያወርሰው ነገር አልነበረውም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ማሙሽ የዝግጅቱ አቅራቢ ሲሆን ጋሼውን «ና፣ መድረኩን ሥራልኝ» ብሎ አስቀጠረው። አናጢው ሠራለት። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ማሙሽ አንዷን ዘፋኝ ሊያስቅ ብሎ የአቅራቢው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ዘለለ፤ ጠረጴዛው ተሰነጠቀ። ለማንም አልተናገረም። ቀረጻው ሲቀጥል የሚናገረው ጠፋበት፣ ተንተባተበ፣ ጠረጴዛውን ተደገፈ፣ ጠረጴዛውም ይዞት ወደቀ። ከወለሉ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «አይ ጋሼ ንቅሎ! አናጢያችን እኮ ነው፣ የነካው ሁሉ ይነቀልበታል!» አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ታዳሚው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መንተባተቡን ማንም አላስታወሰውም።

የዝግጅቱ አዘጋጅ ብልጥ ሴት ናት። በሳምንቱ አናጢውን አስጠርታ፣ «ያንን ነገር ይድገሙልን፤ ህዝቡ ወዶታል» አለችው። «ምኑን?» አላት። «መነቀሉን።» አናጢው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ቀልድ አልነበረም። ሚስቱም ለመነችው፤ «ለማሙሽ ብለህ። የመጀመሪያ ሥራው ነው። እሺ ይበልጣል ከሺህ» አለችው። እሺ አለ። ለአንድ ቀን ነው የተባለው ሳምንታዊ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይናገረው? ሰፈር ውስጥ ልጆች ኳሳቸውን ትተው «ንቅሎ!» እያሉ ይከተሉት ጀመር። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሯ የተማሪዎች ዴስክ ሥራ ሰጥታው ነበር፤ አንድ ጠዋት ደውላ፣ «እኔ ሥራዎን አውቃለሁ፣ ወላጆች ግን ይስቁብኛል» ብላ ነጠቀችው። የገዛ ተማሪው፣ መላጊያ አያያዝ ከእሱ የተማረ ጎልማሳ፣ ወርክሾፑ በር ላይ በትልቁ «እኛ ጋ አይነቀልም!» የሚል ማስታወቂያ ሰቀለ። አናጢው በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ። የውጭ ሥራ ሲደርቅበት የቀረው ስቱዲዮው ብቻ ሆነ፤ ስሙን በገደሉበት ቦታ እንጀራውን እየበላ ኖረ።

ለማሙሽ ሦስት ጊዜ ነገረው። የመጀመሪያውን በጨዋ ደንብ፣ «ስሜን ተወኝ፣ ሌላ ስም ፍጠር» አለው። ማሙሽ አቀፈውና፣ «ጋሼ፣ ህዝቡ እኮ ይወድሃል!» አለው። ሁለተኛውን ተቆጥቶ ነገረው። ማሙሽ ስልክ አነሳ። ሦስተኛውን ለመነው። ያ ሰው ለምኖ አያውቅም፤ ለመነው። ማሙሽም፣ «አንተ ደግሞ ነገር ታከራለህ፤ ቀልድ ነው» ብሎት ሄደ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ቂሙ የተቋጠረው ግን ሌላ ቀን ነው። የሴት ልጁ እጮኛ ቤተሰቦች ሊተዋወቁ ቤቱ መጡ። አናጢው ሳሎኑን ለዚያ ቀን ብሎ በአዳዲስ ወንበሮች ሞልቶታል፤ እንጨቱን ራሱ መርጦ፣ ራሱ አድርቆ፣ ያለ አንድ ምስማር እንጨትን ከእንጨት በማሰካካት ብቻ የሠራቸው ናቸው። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራም። የእጮኛዋ አባት ግዙፍ ሰው ናቸው። «ይቀመጡ» ሲባሉ ወንበሩ ፊት ቆሙ፤ መደገፊያውን በሁለት ጣታቸው ነቅነቅ አደረጉት። «ይሄ የንቅሎ ሥራ ነው እንዴ? ቆሜ ብውል ይሻለኛል!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ቀልድ ነው። አናጢው ልጁን አየ። አፏን በእጇ ይዛ እሷም ትስቅ ነበር።  ያን ምሽት ምግብ አልበላም፤ ወንበሮቹንም ወደ ጓዳ አስገብቶ ግድግዳውን አስመለከታቸው።

ሚስቱ ይህን ስታይ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። አልቅሳ ነገረችው፤ የወንበሩን፣ የልጅቷን ሳቅ፣ ሁሉንም። ተመልሳ መጥታም፣ «አለቀ። በመጨረሻው ዝግጅት ላይ፣ በቀጥታ ስርጭቱ፣ በህዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቅሃል። ቀልድ ነበር፣ አናጢው እጀ ወርቅ ነው ይላል። በእናቴ ምሎልኛል» አለችው። «በእናቱ?» «በእናታችን።» አናጢው ሙሉ በሙሉ አላመነም። ግን ትንሽ ተስፋ አደረገ። ሰው መቼም ተስፋ ማድረግ አይተውም።

የመጨረሻው ዝግጅት ቅደም ተከተል ሲለጠፍ አናጢው መነጽሩን አድርጎ ግድግዳው ፊት ቆመ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አዘጋጇን ፈለጋት።

«ይቅርታው የቱ ጋ ነው?» አላት።

«የምን ይቅርታ?»

«ማሙሽ አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም። ምን ያለ ይቅርታ?» አለችና ወደ ወረቀቱ ዞረች። «እርስዎ አሁን ድንገቱን ያስቡ። ሦስተኛው በር ከነመዝጊያው እንዲነቀል ነው የምንፈልገው። እጀታውን ይዞ ይስባል፣ በሩ ላዩ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ እንደተለመደው ስምዎን ይጠራል። ትልቁ ድንገት ይሄ ነው። እንዳያሳፍሩን!»

«አላሳፍራችሁም» አለ አናጢው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ይህ ሰው ግን አልጸለየም፣ አልሳለም። ሌላ ጊዜ የሚቀዳው ዝግጅት ተቆርጦና ተለጥፎ ነው የሚወጣው፤ ይህ ግን ቀጥታ ስርጭት ነው፣ የወጣ አይመለስም። አናጢው ይህን አሰበ፤ አስቦም ደስ አለው። በሩን ከቀላል ኮምፔንሳቶ ሠራው፤ በሩ የሚሰቀልበትን መቃን ግን ከጠንካራ እንጨት ሠራው። ለምን መቃኑን እንዲህ ታጠብቃለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እዚያ ቤት እሱን ማን ይጠይቃል?

በቀጥታ ስርጭቱ ቀን ጠዋት ልምምድ ተደረገ። በሩ በሁለት አጫጭር ምስማሮች ብቻ ተይዟል። ማሙሽ እጀታውን ይዞ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ በሩ ተከትሎት መጣ፤ እሱም ወለል በመሰለ ጨርቅ የተሸፈነ ስፖንጅ ላይ በጀርባው ወደቀ። «ግሩም!» አለች አዘጋጇ። አንድ ጊዜ ደገሙት። «ጋሼ፣ መልሰህ ስቀለው» አለና ማሙሽ ፊቱን ሊቀባ ሄደ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «እታለምን ሰላም በላት» ብቻ አለ።

ሁሉም ወደ ምሳ ሄደ። አናጢው በሩን መልሶ ሰቀለው። ሁልጊዜ ከልምምድ በኋላ የተነቀለውን መልሶ የሚሰቅለው እሱ ስለሆነ፣ ማንም ቢያየው ምንም አይለውም። ሦስት ማጠፊያ አወጣ። ረጃጅም ብሎኖች አወጣ። ካቻቢቴውን ይዞ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው፣ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ አጠበቃቸው። ማጠፊያውን ዘይት ቀባው። በሩን በአንድ ጣት ገፋው፤ ሄደ። በአንድ ጣት ሳበው፤ መጣ። «ሰማህ?» አለ ለማንም ሳይሆን። «ምንም አልሰማህም።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። እንግዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ አንጋፋ ዘፋኝ፣ አንዱ ረጅም በረኛ፣ የኳሱን ማለቴ ነው። ጥያቄው ተጠየቀ፣ ማስታወቂያው ሄደ፣ እረፍቱ አለቀ። በረኛው መልሱን አገኘና፣ አስቀድሞ እንደተነገረው «ሦስተኛው በር!» አለ። የመብራት ሠራተኛዋ ሻይዋን አስቀምጣ መብራቱን በሩ ላይ አደረገች። ማሙሽ ወደ በሩ ሄዶ እጆቹን አሸ፤ ከዚያ ወደ ታዳሚው ዞሮ፣ «ይህን በር ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ?» አለ። «ንቅሎ!» አለ ህዝቡ። «ፈጣሪ ይርዳኝ!» አለና እጀታውን ይዞ በሙሉ ክብደቱ ሳበ።

በሩ ተከፈተ። በቃ፣ ተከፈተ።

ማሙሽ ግን ወደ ኋላ ሄዷል። በየሳምንቱ መውደቅ የለመደ ሰውነት በሩ መጣ አልመጣ ብሎ አይጠይቅም። እጀታውን ለቆ፣ «ወይኔ!» ብሎ፣ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ስፖንጁ ላይ ተዘረረ። የድምፅ ሠራተኛውም በሰዓቱ ቁልፉን ተጫነ፤ የሚሰበር እንጨት ድምፅ አዳራሹን ሞላው፣ ጓ! ቀጭ! ጓጓ! ምንም የተሰበረ ነገር ግን የለም። በሩ ክፍት ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሲጥ እንኳ አላለም።

ማሙሽ ከወለሉ ላይ ሆኖ በልማድ «ንቅሎ!» አለ። አንዳንዱ ታዳሚ ጀመረና መሃል ላይ ተወው።  ዘፋኟ በሩን አየች፣ ማሙሽን አየች፣ ደግሞ በሩን አየች። በረኛው ጎንበስ ብሎ ማሙሽን በጥሞና ሲመለከተው ቆየና፣ «ወንድሜ፣ እኔ መውደቅ ሥራዬ ነው። አንተን ማንም ሳይነካህ ነው የወደቅከው» አለው። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «ሜዳ ላይ ቢሆን ቢጫ ካርድ ነበር።»

ያኔ የተነሳው ሳቅ የድሮው ሳቅ አልነበረም። የድሮው «የኛ ልጅ» የሚል ሳቅ ነበር። ይህኛው ጥርስ ነበረው።

ማሙሽ ብልጥ ነው፤ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። «ጋሼ ንቅሎ! ወዲህ ና፣ ዛሬስ አንላቀቅም!» ብሎ ወደ ካሜራው ጀርባ ተጣራ። አናጢው እስከዚያ ቀን በካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም። ካቻቢቴውን በኪሱ እንደሰካ ወጣ። ታዳሚው አጨበጨበ፤ ህዝቡ ሲስቅበት የኖረውን ሰው መልክ ያየው ገና ያኔ ነው። ማሙሽ እየሳቀ አቀፈው፣ አፉን ጆሮው ላይ አደረገ፣ በሹክሹክታም እንዲህ አለው፦

«ጋሼ፣ በናትህ አድነኝ። ብሎኑን ማላላት ረሳሁ በል።»

የማሙሽ ደረት ላይ የተሰካው ማይክ ግን ሹክሹክታ አያውቅም። ቃሉ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ወጣ፣ በየቤቱ ወጣ፣ ቴሌቪዥን በተከፈተበት ሁሉ ወጣ። በዚያ ዝግጅት ታሪክ ውስጥ ማንም ያላቀደው፣ ግድግዳ ላይ ያልተለጠፈ የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነበር። ማሙሽ ድምፁ ተመልሶ ጆሮው ሲገባ ፊቱ አመድ መሰለ።

አሁን አናጢው ሊያድነው ይችል ነበር። ይህን እወቁልኝ። «ረሳሁ፣ አርጅቻለሁ» ብሎ ራሱን ቢያክ ህዝቡ ስቆ ይተወው ነበር። ያሳደገው ልጅ ክንዱን ጨብጦ፣ ዓይኑ ዓይኑ ውስጥ ተተክሎ ይለምነዋል። አናጢው የልጁን እጅ ከክንዱ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ወደ በሩ ሄደ፣ ዘጋው፣ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ፣ «ሌላ ጊዜ አላልቼ እንድሰቅል እታዘዝ ነበር፤ ወንበሩም፣ ደረጃውም፣ ጠረጴዛውም በትዕዛዝ ነው የፈረሰው። ዛሬ እምቢ አልኩ» አለና በሠራው በር ገብቶ ሄደ።

ማስታወቂያ ለቀቁ። ከመድረኩ ጀርባ አዘጋጇ ጸጉሯን ይዛ ትጮኻለች፤ ሌላው ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና አንገቱን ደፍቷል። የመብራት ሠራተኛዋ አናጢውን መንገድ ላይ አስቁማ፣ «ልክ ነህ» አለችው። «ልክ ነህ። ግን ዝግጅቱ ቢዘጋ ለእኛስ አስበህ ነበር?» አላሰበም ነበር። አልፏት ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ለማንም ሊያስብ አይችልም ነበር፣ በደስታ ሰክሮ ነበር። ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ፣ ሆን ብሎ በሰው መሃል፣ ሆን ብሎ በተማሪው ወርክሾፕ በኩል። ተማሪው ወንበር ላይ ወጥቶ ማስታወቂያውን ሲያወርድ ደረሰበት። «ጋሼ...» ብሎ ጀመረ። አናጢው ዞሮም አላየው።

ቤቱ ሲደርስ ማሙሽ በመኪና ቀድሞታል። ሳሎን ውስጥ ራሱን እህቱ ጭን ላይ ጥሎ ይንሰቀሰቃል፤ የተቀባው ፊት በእንባው ተዥጎርጉሯል፤ እሷ በእርጥብ ፎጣ ትጠርገዋለች። ባሏን ስታይ ተነሳችበት።

«አንተ አረመኔ! ጡቴን ያልጠባ ልጄ እኮ ነው! በእጃችን ያሳደግነውን በአገር ፊት ታዋርደዋለህ? ለመነህ እኮ፣ በናትህ አለህ እኮ፤ ሁላችንም ሰማን!»

«እኔስ ስለምነው የት ነበርሽ?» አለ አናጢው።

«እሱ ቀልድ ነው! አንተ ግን ገደልከው። ቀልድና መግደል አንድ ነው?»

አናጢው መልስ አላጣም ነበር፤ መልሱን ለወራት ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። ግን የማሙሽ ስልክ ጮኸ። ማሙሽ አፍንጫውን ጠረገና አየው፤ አዘጋጇ ናት። «ልታባርረኝ ነው፤ እናንተም ስሙት፤ ምን እንዳደረጋችሁኝ ስሙ!» አለና ድምፁን ከፍቶ በእጁ ያዘው።

«ማሙሽ! የት ነህ?» አለች አዘጋጇ። ድምፅዋ ሠርግ ላይ ያለች ይመስላል። «ስልካችን ሊፈነዳ ነው! ህዝቡ አብዷል፤ ሁለታችሁን ነው የሚፈልገው። አንተና ንቅሎ፣ አብራችሁ፣ በየሳምንቱ! እሱ ይሠራል፣ አንተ ታፈርሳለህ። ሰውየውን አሳምንልኝ።»

ማሙሽ ቀና አለ። እንባው ጉንጩ ላይ ሳይደርቅ ዓይኑ በራ። «ጋሼን ለኔ ተይው!» አላት፤ ለጋሼም ጠቀሰው። ዓይኑን ጠቀሰው እኮ! አናጢው ያን ጊዜ ደነገጠ። ሰማይ ምድሩን ደፋሁበት ያለው ሰው፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ አቧራውን አራግፎ ተነስቷል። ለዚህ ሰው ውርደትም ሥራ ነው። በቀሌ ይኸው ነበር? አለ በልቡ። ይኸው ብቻ?

አዘጋጇ ግን አልጨረሰችም። «ደግሞ ያቺን የወንበሯን ነገር እናስገባታለን፤ ያጫወትከኝን። የልጅቷ አማት አልቀመጥም ያሉትን! ስቄ ልሞት። ልጅቷ ራሷ መጥታ አባቷ ላይ የሳቀችውን ሳቅ ብትደግመውማ... አስበው እስቲ!»

«እሱንስ ጽፌዋለሁ፣ ተዋናይም አስቤለታለሁ» አለ ማሙሽ፤ ሳቀም።

ፎጣው ከሚስቱ እጅ ወደቀ።

«የወንበሩን ማን ነገራት?» አለች።

ማሙሽ ስልኩን ቶሎ ዘጋው። «እታለም፣ ቀልድ እኮ ነው።»

«እኔ ቀልድ ብዬ ነው የነገርኩህ?»

«አይደለም፣ ግን...»

«አልቅሼ ነው የነገርኩህ። እግርህ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አንተም አብረኸኝ አለቀስክ። በእናቴ ብለህ ማልክ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። አናጢው በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንደዚያ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። «እያለቀስክ ነበር የምትጽፈው?»

 ያ አፈ ማር፣ ያ ለሁሉ መልስ ያለው ልጅ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ተንተባተበ። የሚደገፈው ጠረጴዛ ግን በአጠገቡ አልነበረም።

«ፊትህን ጨርሰህ ታጠብ። ከዚያ ሂድ» አለችው።

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ። ወደ እኔ ግን እንዳትመለስ። የልጄንም ሠርግ እንዳትመጣ።»

ማሙሽ ወደ አናጢው ዞረ። «ጋሼ፣ አንተ እንኳ አንድ ነገር በላት እንጂ!» አለ። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለተኛ ልመናው ነው። አናጢው የሳሎኑን በር ከፈተለት። ማሙሽ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ቀለሙ አገጩ ላይ እንደተዝረከረከ ወጣ። መኪናው ሳይነሳ ብዙ ቆየ፤ ትጠራኛለች ብሎ ይሆናል። አልጠራችውም። በኋላ ሞተሩ ተነሳና ሄደ።

ያን ጊዜ አናጢው ስንት ወር ሲመኘው የኖረውን ነገር አገኘ። ማጠፊያው ያላደረገውን፣ ብሎኑ ያላደረገውን፣ አገር ሙሉ ያየው ውርደት ያላደረገውን፣ ይህች ሴት በሁለት ቃል አደረገችው። ልጁ ተመታ። የተመታው መነሳት በማይችልበት ቦታ ነው። አናጢው ደስ አለው፤ ደረቱ ውስጥ ሳቅ ይተናነቀው ጀመር።

እሷ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ለባሏ አልነበረም የምታለቅሰው። እጁን ይዛ ላመጣችው፣ በጀርባዋ አዝላ ሆስፒታል ላመላለሰችው፣ አሁን በገዛ አፏ ላባረረችው ልጅ ነበር። አናጢው ሊያባብላት ቀረበ። ግን ፊቱን ምን ያድርገው? ጥርሱ አልከደን አለው። ከፊቷ ሊቆም አልቻለም፤ ዞሮ ከኋላዋ ቆመና ሁለት ትከሻዋን ያዘ።

«አይዞሽ» አላት።

«ዙርና ፊቴ ቁም» አለችው። «ማልቀሴን የሚያይልኝ አንድ ሰው ልጣ?»

አልዞረም።